አዳዳ ያልመረቀችኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ይዤ ጅማ አንድ ክሊኒክ ተራ ስጠብቅ፣ ወጣቱ ሐኪም በሩን ገርበብ አድርጎ «አፋን ኦሮሞ የሚችል አለ?» ብሎ ጠየቀ። ውስጥ አንዲት የገጠር አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ሕመማቸውን ቢነግሩት አልገባውም። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ የነበረች ተማሪ ተነሥታ ገባች። ቋንቋው ጠፍቶኝ አይደለም፤ የአባቴ ቋንቋ ነው።

አባቴ ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው የሰርቦ ልጅ ነው፤ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ልብስ ይሰፋ ነበር። እናቴ ወሎዬ ናት። ቤታችን ውስጥ ቁጣው በአማርኛ፣ ማባበሉ በኦሮምኛ ነበር፤ እናቴ ይህን ብትሰማ ትቆጣኛለች፣ ያውም በአማርኛ። ሁለቱ የተለያዩ ቋንቋዎች መሆናቸውን እንኳ በቅጡ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ስገባ ነው።

ቡና ሲቀላ ሰርቦ፣ አዳዳ ዘሀራ ዘንድ እሄድ ነበር። አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ የተከለው ቡና ከጓሮዋ ይጀምራል፤ እሱም እዚያው ዳር ላይ ተቀብሯል። ጠዋት የበቆሎ ቂጣ በማር በልተን እንወጣለን፤ እስኪመሽ ጣቶቼ በእሸቱ ጭማቂ ይጣበቃሉ። ወደ ጅማ ልመለስ ስል መዳፌን ይዛ ቱፍ ቱፍ ትልና «ረቢን ሲ ሃ ጉዲሱ» ትለኛለች፤ አምላክ ያሳድግሽ ማለቷ ነው። ያለዚያ ምርቃት ከደጇ ወጥቼ አላውቅም።

አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩበት ዓመት፣ አዳዳ ዘንድ ሳለሁ፣ የደርጉ መንደር ምሥረታ መጣ። ገበሬው ሁሉ ከየጓሮው ተነሥቶ መንገድ ዳር ባንድ ላይ ይስፈር ተባለ። ለስብሰባው ከከተማ የመጣው ካድሬ ኦሮምኛ አያውቅም፤ የሚተረጉምለት ሰውም ታሟል። ያኔ አዳዳ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለችና ክንዴን ይዛ ወደ ፊት ወሰደችኝ። የወንድሜ ልጅ ቋንቋቸውን ታውቃለች፣ እሷ ትናገርልናለች አለች። ደስ ብሏት ነበር፤ ኩራቷ ከፊቷ ይነበባል። የኛ ሰው ከፊት ከቆመ የኛ ነገር ይሰማል ብላ ነው፣ ምስኪን። ቃል ከኛ ወደነሱ ብቻ የሚሄድ መስሏት ነው።

እሱ ያለውን ሁሉ አልኩ። ቤታችሁን ታፈርሳላችሁ፣ እንጨቱን ተሸክማችሁ ትወርዳላችሁ አልኳቸው፣ በአባቴ ቋንቋ። ካድሬውን የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። በመጨረሻ አዳዳ እኔኑ ጠየቀችኝ፦ ቡናዬን ከጦጣ ማን ይጠብቃል? ባሌስ ብቻውን እዚህ ሊቀር ነው? ለካድሬው ነገርኩት። ገና ስለ ጦጣው ስጀምር ሰዓቱን አየ።

«ተወስኗል በያት» አለኝ።

የሚያለሰልስልኝ ቃል ፈለግሁ፤ አጣሁ። የኔ ኦሮምኛ የቂጣና የማር፣ የሳቅና የጨዋታ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ነገር የሚሆን ማንም አላስተማረኝም።

«ሙርታኤራ፣ አዳዳ» አልኳት። ተወስኗል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ልመልሰው አልቻልኩም።

በማግስቱ ልሄድ ስነሣ እንደ ወትሮው ማር በቅል ሞልታ ሰጠችኝ። መዳፌን ዘረጋሁ። እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም።

«ደህና ሁኚ» አለችኝ፣ በአማርኛ። ለግብር ሰብሳቢና ለወታደር ብቻ የምታወጣት አማርኛ ነበረች።

ቤቷ ፈረሰ። አዲሱ መንደር ገብታ የመጀመሪያውን ክረምት አልጨረሰችም፤ እኔም የደረስኩት ለለቅሶ ነው። ከዚያ ወዲህ በኦሮምኛ ስናገር የገዛ ድምፄ ያስፈራኛል። አማርኛውም ቢሆን የዚያን ሰውዬ «ተወስኗል» ያሰማኛል። ሁለት ቋንቋ ያለው ሁለት ቤት አለው ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ከሁለቱም ደጅ እንደቆምኩ አረጀሁ።

የክሊኒኩ በር ተከፈተና አሮጊቷ ተማሪዋን ተደግፈው ወጡ። ቆም ብለው እጇን ያዙና ቱፍ ቱፍ አሉላት፣ «ረቢን ሲ ሃ ጉዲሱ» እያሉ። ሳላውቀው የኔም መዳፍ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አሮጊቷ አላዩኝም፤ በአጠገቤ አልፈው ሄዱ። መዳፌን ጨበጥኩት።