ሐኪሙ ሚስቴን ወደ ውጭ የጠራት ቀን

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ቅዱሳን። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ነው የወጣሁት። ነገሩ ስለ ወገቤ ነው፤ ከወገቤ ይልቅ ግን ስለ ፍርሃቴ ነው።

ካሳው እባላለሁ። ትውልዴ አምባሰል ነው፤ የምኖረው እዚሁ ሐይቅ ዓሣ እያሰገርሁ ነው። ብዙዎቻችሁ የዘነበች ባል እያላችሁ ነው የምታውቁኝ። እሷ ጌታን ቀድማኝ አገኘች። እኔ እስከዚህ ጸሎት ቤት በር እሸኛትና "በይ ለእኔም ጸልዪልኝ" ብዬ እያሾፍሁ ወደ ጠላዬ እሄድ ነበር።

አንድ ጠዋት ጀልባዋን ወደ ዳር ስንጎትት ወገቤ ቀጭ አለ። ቀና ማለት አቃተኝ፤ ጓደኞቼ ተሸክመው ቤት አስገቡኝ። ይሻለዋል፣ ይሻለዋል ሲባል ሰባት ወር ሞላ። አንድ ወጌሻ አሽቶኝ ሲያበቃ "አጥንትህ ተንሸራቷል፤ ከተነቃነቅህ ሽባ ትሆናለህ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጎኔን ለመቀየር እንኳ እፈራ ጀመር። ዘነበች ታጥበኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ ታጎርሰኛለች። እኔ ጣራ ጣራ አያለሁ።

በመጨረሻ ደሴ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ፣ እግሬን ወደ ላይ አነሳ፣ መዳፌን በእግርህ ግፋ አለኝ። "አጥንትህ ደህና ነው" አለ። "ሕመምህ የእውነት ነው፤ ያመመህ ጊዜ ሁሉ ግን ተጎዳህ ማለት አይደለም። ያደከመህ መተኛቱ ነው፤ ቀስ እያልህ ተራመድ። እግርህ ከደነዘዘ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ግን ሳትውል ሳታድር ና።" እኔም እሺ አልሁ። ይኼኔ ወደ ሚስቴ ዞሮ "እህቴ፣ አንዴ ውጭ ላነጋግርሽ" አላት።

ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ሐኪም ዘመድን ወደ ውጭ ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ለታማሚ ክፉ አይነገርም። አባቴ የታመመ ጊዜ የተጠራሁት እኔ ነበርሁ። ተመልሼ "ምንም አይደል አባዬ፣ ትድናለህ" አልሁት፤ ወር ሳይሞላ ቀበርነው። ዘነበች ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ምን አለሽ?" አልኋት። "ደህና ትሆናለህ አለ" አለችኝ። ለአባቴ ያልሁትን ነበር የመለሰችልኝ።

በቃ፣ ሰው መሆኔ ቀረ። ጎረቤታችን ሰይድ ሊጠይቀኝ ገብቶ "አብሽር ካሳው" ሲለኝ፣ እሱም ሰምቷል ማለት ነው እላለሁ። ዘነበች ዶሮ ብትሠራልኝ መሰናበቻዬ ይመስለኛል። ደንዝዞ እንደሆነ እያልሁ ጭኔን ስቆነጥጥ እውላለሁ፤ በልዞ ነበር። ልጆቼ ሲስቁ ስሰማ ጋቢዬን እከናነባለሁ።

ከደሴ በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት ታላቅ ወንድሜን ከአምባሰል አስጠራሁት። መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ጋሼ፣ ልጆቼን አደራ፤ እሷንም እንዳትጥላት" ብዬ ኑዛዜ ጀመርሁ። ዘነበች በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

"የት ልትሄድ ነው አንተ?" አለችኝ።

"ሐኪሙ የነገረሽን አውቄያለሁ። አትደብቂኝ።"

ዘነበች መሬት ላይ ቁጭ አለች። "ሁሉን እየሠራሽለት ፍርሃቱን አሳድገሽበታል፤ እንዲነሳ ተይው ነው ያለኝ። ይኼን ብነግርህ ሰለቸችኝ ትላለህ ብዬ ዝም አልሁ።"

"ታዲያ ለምን አለቀስሽ?"

"‹አንቺስ እንዴት ነሽ?› ብሎ ጠየቀኝ። በሰባት ወር እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።"

"ማይልኝ" አልኋት። እኛ ቤት እውነት በመሐላ ነው የሚታመን። እሷ ግን "አልምልም፤ ጌታን ካገኘሁ ወዲህ መማል ትቻለሁ። ዋሽቼህ አውቃለሁ ወይ?" አለችኝ። ብፈልግ ብፈልግ አንድ አጣሁ። አፈርሁ። ለአባቴ በእግዜር ስም እየማልሁ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው ሰውን ሁሉ እንደ እኔ ያየሁት። ወንድሜ ፊት አለቀስሁ። "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ዋሽቻለሁም። ተቀበለኝ" አልሁ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ይኼው ነው። ስሙ ይባረክ!

ወገቤ በዚያች ሰዓት ዳነ ብል እዋሻለሁ። ስነሳ ይሰበራል ብዬ ላብ በላብ ሆንሁ። እስከ በሩ ሄድሁ፣ አመመኝ፣ አልተሰበረም። በማግስቱ እስከ ሰይድ ቤት። በሳምንቱ ደግሞ ሕመሙ ተመልሶ ያዘኝ፤ ፍርሃቱም አብሮ መጣ። እያመመኝ፣ እየፈራሁ፣ እየጸለይሁ ጥቂት ተራመድሁ። ከብዙ ወር በኋላ ውኃው ዳር ደረስሁ። ዛሬ መረብ እስባለሁ፤ ሲደክመኝ አርፋለሁ፣ ሲከብደኝ ሰው እጠራለሁ። አንዳንድ ቀን አሁንም ያመኛል። ጫማዬን ግን ራሴ ነኝ የማስረው። ዘነበችንም በየቀኑ "አንቺስ እንዴት ነሽ?" እላታለሁ። ጌታ ይመስገን።

ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈህ የቆምኸው ወንድሜ፣ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ ወገብህ እንዳላስቀመጠህ አውቃለሁ። ምን እያሰብህ እንደሆነም አውቃለሁ። በጌታ ታመን። ሐኪም ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ፤ የሚለውን ሁለታችንም ውስጥ ሆነን እንሰማለን።