ይቁም ወይስ ይለፍ

አዛውንቱ አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ ካለው የሃፊዛ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በየቅዳሜው አንድ ላጲስ ይገዛሉ። ወረቀት ግን ከዓመት በፊት ከወሰዱት አንድ ትልቅ ባለ ካሬ ወረቀት ሌላ ገዝተው አያውቁም። ስማቸውንም ነግረዋት አያውቁም። ግራጫ ካፖርታቸው በዚህ ሙቀት እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ከኪሳቸው በየስንዝሩ የተቋጠረ ሲባጎ እያወጡ ባንኮኒዋን ይለካሉ።

መጀመሪያ ቤት ሊሠሩ መስሏት «ስንት ክፍል ነው አባባ?» ብላቸው ነበር።

«ባቡር ነው!» አሏት ቆጣ ብለው።

ኮምፔንሳቶ ላይ የሚሽከረከር፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ባቡር። ኮምፔንሳቶው ገና አልተገዛም፤ ሀዲዱም የለም። ተራራውና ድልድዩ ግን በእርሳስ ተሥለው ካለቁ ቆይተዋል። ሃፊዛን ግራ የሚያጋባት ጣቢያው ነው። ሠርተው ያጠፉታል፣ አጥፍተው ይሠሩታል፤ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

ዛሬ ባንኮኒው ላይ ዘረጉትና «ልጄ፣ እዚህ ይቁም ወይስ ይለፍ?» አሏት።

«ጣቢያ አይደል እንዴ? ይቁም እንጂ!»

«ከቆመማ ተሳፍራ ትሄድብኛለች።»

ሃፊዛ ግራ ገባት። ባቡሩን እስከ ዛሬ «እሱ» ነበር የሚሉት፤ ደግሞስ ባቡር መቼ ይሳፈራል?

«ማናት የምትሳፈረው፣ አባባ?»

አዛውንቱ አዲሱን ላጲስ ከላስቲኩ አውጥተው ጣቢያውን ማጥፋት ጀመሩ፤ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ የግድግዳ ሰዓቱን። አግዳሚ ወንበሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። «እዚህ ተቀምጣ ነበር» አሉ።