ዝም አሰኚው

በኤስፓኞላ ከተማ ኦርላንዶ ማኤስታስን በስሙ የሚጠሩት ሚስቱና ቄሱ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው «ዝም አሰኚው» ነው። ሥራው መኪና ላይ የሌባ ማስጠንቀቂያ መግጠም ነው። መግጠሙንስ ብዙ ሰው ይችለዋል፤ ድመት ባለፈች ቁጥር ኡኡ እያለች ሰፈር የምታምስ መኪናን አደብ ማስገዛት ግን የእሱ ብቻ ሙያ ነው። ካቻቢቴውን ይዞ ከመሪው ሥር ይገባል፣ እንቅስቃሴ የምትለየውን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ያገኛል፣ ጎኗ ላይ ያለችውን ብሎን በፀጉር ስፋት ያህል ወደ ግራ ያዞራል፣ ከዚያ ወጥቶ ፓራፋንጎውን ከላይ በቡጢ ይመታል። መኪናዋ ዝም ካለች ፊቱ ላይ የሚታየውን ኩራት ሐኪም እንኳ በሽተኛ አድኖ አያሳየውም።

የፋሲካ ዋዜማ ወደ አሮጊቷ ዶኛ ፊደሊያ ግቢ የሄደው ለዚሁ ነበር። ሟቹ ባላቸው ሲፕሪያኖ ዕድሜ ልካቸውን ሲያሽሞነሙኗት የኖረች ወይን ጠጅ መኪና ትተውላቸዋል፤ በዘይት ግፊት ከፍ ዝቅ የምትል፣ ስትወርድ ሆዷ አስፋልት ሊነካ የሚደርስ። በፋሲካ እንዲህ ያሉ መኪኖች ከቅዳሴ በኋላ በዋናው መንገድ እያዘገሙ ይሰለፋሉ። ዶኛ ፊደሊያም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሳፈሩባት ቆርጠዋል። ግን መኪናዋ ሰው ሳይነካት ትጮሃለች። ሐሙስ ዕለት ለሟቹ ጸሎት ሲደረስ ጀምራ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጥታለች።

«ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ብትጮኽ እዚያው በመጥረቢያ ነው የምላት» አሉ ዶኛ ፊደሊያ በረንዳው ላይ ተቀምጠው።

«እኔ እያለሁ አትጮኽም፣ እማማ።»

የእህቱ ባል ኤሊሴዮ ሊያግዘው መጥቷል። መጮኺያዋን ከፊት ለማሰር የመኪናዋን አፍንጫ በዘይቱ ሽቅብ አነሣና በጀርባው ተንሸራቶ ከሥሯ ገባ።

«ብትወርድ የሚደግፋት ታኮ አላደረግህም» አለ ኦርላንዶ።

«አንድ ሽቦ ናት የቀረችኝ፣ አማቼ። ታኮ ስንፈልግ ትንሣኤው ያልፈናል።»

በዘይት ብቻ በቆመች መኪና ሥር ታኮ ሳይደረግ እንደማይገባ በዚያ ከተማ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ኦርላንዶም እግሩን ይዞ ጎትቶ ሊያስወጣው ይገባ ነበር። አላደረገውም፤ ቸኩሏል፣ ኤሊሴዮ ደግሞ ክርክር ይወዳል። ይባስ ብሎ ጊዜ ለመቆጠብ ሰውየው ከሥር እያለ መኪናዋን ቆልፎ መሞከር ጀመረ።

በተቆለፈችና ሳጥኗ በበራች ቁጥር መኪናዋ ያኔ የቆመችበትን አኳኋን ልክ ነው ብላ ትይዛለች። ከዚያ ጥቂት ስታዘነብል «ጢው» ትላለች፤ ብዙ ስታዘነብል ኡኡታዋን ታቀልጠዋለች። ኦርላንዶ ፓራፋንጎውን መታ። ዝም። ትንሽ ቆይታ ማንም ሳይነካት ጢው አለች።

«አትነካካት እንጂ፣ ኤሊሴዮ።»

«ኧረ አልነካሁም።»

ብሎኗን ወደ ግራ አዞረ። እንደገና ቆለፈ። እንደገና ጢው አለች።

«እጅህን ሰብስብ አልኩህ እኮ።»

«የት ልሰብስበው? ይልቅ የእህትህ የበቆሎ ታማሌ ሆዴን ነፍቶት ነው መሰለኝ፣ ብረቱ እምብርቴን እየነካኝ ነው።»

ኦርላንዶ ሳቀ። ያቺን ሳቅ ኋላ ስንት ጊዜ እንዳስታወሳት እሱ ያውቃል።

«ምን አይታ ነው እንዲህ የምትለው?» አሉ ዶኛ ፊደሊያ።

«ምንም አላየችም፣ እማማ። ስሱ ናት፤ ቅብጥብጥ ነገር።» ተናደደ። መሞላቀቋ በቃ ብሎ ብሎኗን እስከ መጨረሻው አዞራት። ቆለፈ፣ ጠበቀ። ድምፅ የለም።

«ተመስገን» አሉ አሮጊቷ።

ኦርላንዶ እንደ ልማዱ ሊያሳርግ ቡጢውን ወደ ፓራፋንጎው ሰነዘረ። እጁ ብረቱን ያገኘው ካሰበው በታች ወርዶ ነው። ደረጃ የቀረ መስሎት እግሩን እንዳሳረፈ ሰው ልቡ ድንግጥ አለ። ጎማውን አየ። ከላዩ ቅድም ሙሉ ቡጢ ያስገባ የነበረው ክፍተት አሁን ጣት አያስገባም። ከኋላ ያለው የዘይት መዝጊያ ዘይቱን እያሾለከ ነበር። መኪናዋ ስትወርድ ቆይታለች፤ ጢው ባለች ቁጥር እሱ ብሎኗን እያላላ፣ ዳግም እየቆለፈ፣ የወረደችበትን ሁሉ ልክ ነው እያሰኛት ነበር።

«ኤሊሴዮ፣ ውጣ።»

«ሽቦዋን ላጥብቃትና...»

«ሆድህን ሳብና ውጣ።»

ድምፁ ውስጥ ያለውን ነገር ሰምቶ ኤሊሴዮ ቀልዱን ተወ። «አልችልም» አለ ቀስ ብሎ። «ቀበቶዬ ይዞኛል።»

የዘይቱን ሞተር አስነሥቶ መኪናዋን ማንሣት ይቻል ይሆናል፤ መዝጊያው ጨርሶ ቢለቅስ? ኦርላንዶ አጥሩ ሥር የተጋደመውን ትርፍ ጎማ እየጎተተ አምጥቶ ከአፍንጫዋ ሥር በእግሩ ገፋው። ግማሹ ሲገባ ተነከሰ። ተንበርክኮ በካቻቢቴው የኤሊሴዮን የቀበቶ ዘለበት ፈለቀቀ፤ ከዚያ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች ይዞ ጎተተ። ሸሚዙ ተቀደደ፤ ኤሊሴዮ እናቱን ጠራ። ጭንቅላቱ ከመከላከያው ሥር ሲወጣ መዝጊያው ለቀቀና መኪናዋ ጎማው ላይ ዱብ አለች። ጎማው ጠፍጥፎ ቀረ። ኤሊሴዮ ጆሮው ከመፋቁ በቀር ደህና ነው።

ዶኛ ፊደሊያ ከበረንዳው ወርደው መኪናዋን ተመለከቱ።

«ይህን ያህል ወድቃ ለምን አልጮኸችም?» አሉ።

ኦርላንዶ አቧራው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በፋሲካው መዝጊያው ተቀይሮ፣ ብሎኗም ወደ ቀኝ ተመልሳ፣ ዶኛ ፊደሊያ ኦርላንዶ እየነዳላቸው በመኪናዋ ተሳፈሩ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቁመው ሲቆልፏት ጢው አለች። ሰዉ «ዝም አሰኚው፣ ኧረ ዝም አሰኛት» እያለ ሳቀ። ኦርላንዶ አዲሱን ካፖርቱን ሳይሰበስብ መንገዱ ላይ በደረቱ ተኛና ከሥሯ አየ።

ዛሬም መኪና ሲያመጡለት ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት ከሥሯ ሊያይ ይጎነበሳል። ደንበኞቹ ይስቁበታል። ኤሊሴዮ ግን አብሮት ይጎነበሳል።