ለተመታ ክንድ የመጣ ብርቱካን

ራሷን የምታቆስል ልጅ ትኩረት ፈልጋ ነው ይባላል። ሐሰት ነው። የእህቴ ልጅ ትኩረት በሽ በሽ ሲሆንላት በገዛ አፏ መልሳዋለች።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ነው፤ ቡራዩ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ትምህርት ተቋርጧል። እኔ ከሰበታ እህቴን ልጠይቅ መጥቼ እዚያው ቀርቻለሁ። ልጅቷ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ያያት ሁሉ ሰልፍ ላይ የተመታች መሰለው። ሰፈሩ እንደ ወጉ ለጥየቃ ጎረፈ፤ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ለስላሳ። እህቴም እውነቱን ሳትናገር ስጦታውን ተቀበለች። የጀግና እናት መባል ይቀላላ።

መሬታቸው ለፕላኑ ሊወሰድ ነው የተባሉ ሽማግሌ ጎረቤት መጡ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠይቀው ግንባሯን ሳሟትና ይህ ቁስል የኛ ነው አሏት።

«አይ አባባ፣ እኔ ሰልፍ አልወጣሁም» አለች። «ራሴው ነኝ ያቆሰልኩት።»

ሽማግሌው ብርቱካናቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ደጃፉን የረገጠ የለም። ዱላ ያቆሰለው ክንድ ይጠየቃል፤ ጭንቀት ያቆሰለው ያሳፍራል። ለወሬ ግን ማንም አልሰነፈም፤ ጥጋብ ነው ያለም፣ ሰይጣን ነው ያለም ነበር። የንስሐ አባቷ ያስምሏት ተብሎ ተመከረ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም ብላ ማለች። ከዚያስ? እንደገና ሲብስባት መሐላ አፍራሽ ሆነችና ለማንም ሳትናገር እጅጌዋን አስረዝማ ዞረች። መሐላው የዘጋው ቁስሏን ሳይሆን አፏን ነው።

እህቴ ይህን ስትደርስበት ቁጣዋን ዋጥ አደረገች። አጠገቧ ተቀምጣ፣ «ሲብስብሽ ጥሪኝ፤ አልቆጣሽም፣ አላስምልሽም» አለቻት። መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይዛት ሄደች። ምልልሱ ረጅም ነበር፤ ልማዱ የተመለሰባት ጊዜም ነበር። አንድ ቀን ግን ክንዷን ሳትነካ ኩሽና ገብታ፣ «እማ፣ ዛሬ ብሶብኛል» አለች። እኔ መዳን ሲጀምር ያየሁት ያኔ ነው። ሰፈሩ አላየም፤ የት ኖሮ።

እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለች ልጅ አለች። ብርቱካናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቁስሉን አሳዪን አትበሉ፣ አታስምሏት። ቁጭ ብላችሁ ስሟት፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄድም አብራችኋት ሂዱ።