ላልሰመረ ስለት የገባ ጃንጥላ

ተሻለች ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ጀርባ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት ባወጣቻት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ሰፍታለች። ቀይና ሰማያዊ ከፋይ ትቆርጣለች፤ መስቀሉን ትጠልፋለች፤ ዙሪያውን የወርቅማ ክር ዘርፍ ታደርግለታለች። የሚያሠሯት ስለታቸው የሰመረላቸው ሰዎች ነበሩ። አንዷ ኮንዶሚኒየም ደርሷት፣ አንዱ ቪዛ ወጥቶለት፣ ሌላው ከክስ ነፃ ወጥቶ። ሁሉም ሲያዙ ታሪካቸውን ይነግሯታል፤ እሷም ክር በጥርሷ እየበጠሰች «እሰይ፣ እሰይ» ትላለች።

እኔ ጎረቤቷ ነበርኩ። ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። እሷ ስትናገረው ቀላል ነው፤ እኔ ስጽፈው ይከብድብኛል።

በመስከረም መንገዱ ስለሚሰፋ ሰፈሩ እንደሚነሣ ተነገረን። በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። የተሻለች ባል ጋሽ ገብረአምላክ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ውለዋል። ልጅ የላቸውም። ያላቸው ያ ቤትና ያች ሱቅ ብቻ ነበር። ቀለሙ በተቀባበት ቀን ተሻለች በሩ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ሰፈራችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አዙራ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ተሳለች።

«እመቤቴ፣ ይችን ቤት አትርፊልኝ። በእጄ የሰፋሁትን ጃንጥላ አገባልሻለሁ።»

ስለት የሚገባው ከሰመረ በኋላ ነው። እሷ ግን በማግስቱ ሰማያዊ ከፋይ ዘርግታ መቁረጥ ጀመረች። ጎረቤታችን ሙሉወርቅ አይታ ደነገጠች።

«ተሻለች፣ ሳይሰምርልሽ? ኧረ ተይ፣ ሟርት ነው!»

«ይሰምራላ። ባላምን ኖሮ እሳል ነበር?»

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ የማፍረሻው ማሽን መጣ። ጋሽ ገብረአምላክን ከነፍራሻቸው አራት ሰዎች ተሸክመን መንገድ ዳር አስቀመጥናቸው። ተሻለች የስፌት መኪናዋንና በላስቲክ የጠቀለለችውን ጃንጥላ አወጣች። ለዘርፉ የሚሆነው የወርቅማ ክር ጥቅልል ግን ሱቋ መደርደሪያ ላይ ቀርቶ ነበር። ልትመለስ ስትል የቆርቆሮው ጣሪያ ተደረመሰ። ጋሽ ገብረአምላክ ፍራሹ ላይ እንደተኙ ቤታቸው ሲፈርስ እስከ መጨረሻው አዩ። ዓይናቸውን ላዞርላቸው ፈልጌ፣ መላው ጠፋኝ።

ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ መስኮቷ አጥር የሚያይ ክፍል ተከራዩ። እኔም ከእነሱ ሁለት በር አልፌ ገባሁ። ግድግዳው እርጥበት ነበረው። ጃንጥላው ሳጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ጠጣ። ተሻለች ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። አንድ ቀን ምነው ብላት፣ «ተቀይሜያታለሁ» አለችኝ፤ ከጎረቤት ጋር የተኳረፈች ይመስል። ሥራም የለም፤ ደንበኞቿ የት እንደገባች አያውቁም። ጥር ሲጋመስ አከራይዋ ኪራዩ ካልተከፈለ በወሩ መጨረሻ እንዲለቁ ነገሯቸው።

የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ፣ ከቀትር በኋላ፣ ያደሳ የሚባል የድሮ ደንበኛዋ፣ ወፍራም ጎልማሳ፣ ግቢያችንን እያንኳኳ ገባ። እኔ ለጋሽ ገብረአምላክ ጋዜጣ እያነበብኩላቸው ነበር።

«ማዘር! ስንት ሰው ጠይቄ መሰለሽ ያገኘሁሽ? ሱቅሽ ጋ ብሄድ አስፋልት ሆኗል።»

«ሆኗል» አለች ተሻለች።

«ለነገ ጃንጥላ እፈልጋለሁ። ስለቴ ሰምሯል።»

«ለነገ? ጃንጥላ እኮ እንቁላል አይደለም፣ ጠብሼ አልሰጥህ።»

ያደሳ ሳቀ። ወዲያው ዓይኑ ሳጥኑ ላይ አረፈ። «ያስ?»

«ያ የሰው ነው። ዘርፉም አላለቀም።»

«የምን ሰው!» አሉ ጋሽ ገብረአምላክ ከአልጋቸው፣ በተጎተተ አንደበታቸው። «የራሷ ነው። ውሰደው!»

«በቃ ዋጋውን ጥሪልኝ፣ ያልሽውን እከፍላለሁ። ኪራይም ካለብሽ እኔ እችለዋለሁ።»

ጋሽ ገብረአምላክ ባልሞተው እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨብጠው ሚስታቸውን ያያሉ። ተሻለች ጃንጥላውን አውርዳ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። የምትሰጠው መስሎኝ ነበር።

«ስለትህ ምን ነበር?» አለችው።

«ሁለተኛ ገልባጭ መኪና።»

«የመጀመሪያው ሲመጣ ደስ አለህ?»

«እንዴ! ሦስት ሳምንት ሙሉ። ከዚያማ እንቅልፍ አጣሁ። ሹፌሩ ይጋጭብኝ ይሆን፣ ነዳጅ ይሰርቀኝ ይሆን…»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሁለት ሆኑብኝ!»

ተሻለች ሳቀች። ቤቷ ከፈረሰ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሳቋ እንደመጣ ቶሎ አለቀ፤ ጃንጥላውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጋግመው የመጡባት እነዚያው ሰዎች እንደነበሩ ያኔ ትዝ እንዳላት በኋላ ነግራኛለች፤ ዓምና ኮንዶሚኒየም፣ ዘንድሮ መኪና፣ ለከርሞ ደግሞ ሌላ።

«አልሸጠውም፣ ልጄ። አንተ ጧፍ ይዘህ ሂድ። እመቤታችን አትታዘብህም።»

ያደሳ ግራ ገብቶት ወጣ። ጋሽ ገብረአምላክ ጮኹ።

«ስለቱ አልሰመረም እኮ! ቤታችንን አላዳነችውም! ምን አለብሽ አንቺ?»

«ምንም የለብኝም። ስለሌለብኝ ነው የምሰጣት።»

«ልታስወጪኝ ነው! በዚህ ገላዬ መንገድ ላይ ልታስጥይኝ!»

«አንድ ጊዜ ተጥለን የለም እንዴ፣ ገብሬ? ፈጣሪ ያን ቀን የት ሄደ? እዚያው መንገድ ዳር አብሮን ነበረ። እኔ ነኝ ያኮረፍኩት።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ የቀረውን ዘርፍ ልትጨርስ ቁጭ አለች። ወርቅማው ክር ፍርስራሽ ውስጥ ስለቀረ፣ ከጀርባው አንድ ስንዝር የምታህለውን ቦታ በተራ ነጭ ክር ሞላችው።

በማግስቱ አብሬያት ወደ ድሮ ሰፈራችን ማርያም ሄድኩ። ስለት የሚቀበለው ዲያቆን ማይክና ስም የሚጽፍበት ወረቀት ይዞ የእያንዳንዱን ሰው ስለት ያውጃል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ተራዋ ደረሰ።

«ክርስትና ስም?»

«ወለተ ማርያም።»

«ምን ተደርጎልሽ ነው፣ እናቴ?»

«ምንም።»

ማይኩ ክፍት ነበር። ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላዬ «ተሳስታ ነው፣ ወረፋው የስለት መሆኑን ንገሯት» አለ። ተሻለች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ቤቴን ለምኛት ነበር» አለች። «ፈርሷል። ይኸው ጃንጥላዋ።»

ዲያቆኑ ልማድ ሆኖበት «እህታችን ስለቷ ሰም…» ብሎ ጀምሮ አቆመ። ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። «እህታችን ወለተ ማርያም ጃንጥላ አግብታለች» አለ በመጨረሻ። ሳቁ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን እልል አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ተሻለችን አየኋት። ከባድ እንስራ አውርዳ ትከሻዋን የምታሽ ሴት ትመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረገ ተአምር የለም። በወሩ መጨረሻ ለቀው፣ እዚያው ሰፈር ከፊተኛዋ የምትብስ ጠባብ ክፍል ገቡ። ተሻለች የተማሪ ዩኒፎርም በቁጥር እየሰፋች ኪራይዋን ቻለች። ግን ስትሰፋ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ድሮ ሱቅ እያላት እንዲህ ስታደርግ አላውቅም። ጋሽ ገብረአምላክ ለብዙ ሳምንት አኮረፏት። አንድ ከሰዓት፣ እኔ ባለሁበት፣ «ተሹ» አሏት፣ «ያን ቀን ሲስቁብሽ አላፈርሽም?»

«እንዴት አላፍርም? አፈርኩ እንጂ።»

«ታዲያ?»

«ከዚያ ወዲህ የምፈራው ነገር አጣሁ።»

ጋሽ ገብረአምላክ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ ደህናውን እጃቸውን ዘረጉላት፤ እሷም መርፌዋን ዩኒፎርሙ ላይ ሰክታ ያዘችው።

በመጋቢት አረፉ። በድሮ ሰፈራችን ማርያም በተደረገው ቀብር ሰው ጥቂት ነበር፤ ሰፈሩ ተበትኖ እድርተኛው በየአቅጣጫው ሄዷል። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጀምሩ ጃንጥላዎች ተዘረጉ። ተሻለች ድምፅ አጥታ ታለቅስ ነበር፤ ድንገት እጄን ያዘችው።

«አየኸው?»

ከሬሳ ሣጥኑ በላይ የተዘረጋው ሰማያዊ ጃንጥላ ነፋስ ሲያዞረው፣ ከጀርባው ስንዝር የምታህል ነጭ ዘርፍ ታየች።

«እመቤቴ ለእሱ መጣች» አለችኝ። እንባዋ አልቆመም። ግን እጄን ለቃ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከጃንጥላው ሥር ገብታ ከባሏ አጠገብ ቆመች።