የአምስት ጫማ ጥላ

ደብተራ ተክለማርያም በሕይወቱ ያመነው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ እግዚአብሔርን፣ ሌላው የገዛ እግሩን ጫማ። ጦሩን ተከትሎ ከመንዝ ባሌ ሲገባ ንብረቱ አንድ ዳዊትና አንዲት በቅሎ ነበር፤ በቅሎዋም መንገድ ላይ ሞተችበት። ጎባ ላይ አዲስ በተተከለችው ቤተ ክርስቲያን ያገኘውን ሥራ ግን በምንም ሹመት አይለውጠውም። በጾም ቀን ደጀ ሰላሙ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የጥላው ራስ ያረፈበት ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገናኘ ጥላውን በጫማው ይሰፍራል። ልኩ ሲሞላ ደወል ይደወላል፣ ሕዝቡም ይበላል። ጎባ ደግሞ የዓመቱ እኩሌታ ጉም ነው። ጉም በሆነ ቀን ሕዝቡ ሆዱን ይዞ የተክለማርያምን ፊት ሲያይ ይውላል፤ እሱ እንደሆነ ፀሐይ ካላየ ንቅንቅ አይልም። "በግምት ጾም አላስፈታም" ይላል። ስንቱ በልቡ እንደረገመው አንድዬ ይወቀው።

ሚስቱን ወለተኢየሱስን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ተሰማ ወታደር ነው። ማርና ቡና እንዲያስገብር ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሃረና ጫካ ተልኮ በዚያው ቀረ። ጓደኞቹ ብቻቸውን ተመለሱ፤ "ወንዝ ስንሻገር ከኋላችን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አላየነውም" አሉ። ሬሳ የለ፣ ልብስ የለ። ሁለት ዓመት ሲያልፍ ዘመድ ወዳጁ "በቃ ተዝካሩ ይውጣ፣ የሱም ነፍስ ትረፍ፣ እኛም እንረፍ" ማለት ጀመረ። ወለተኢየሱስ "መሞቱን ሳላውቅ ተዝካር አላወጣም" ብላ ድርቅ አለች። እኔ ብሆንም ድርቅ እል ነበር።

በታኅሣሥ ኦቦ ከሊፋ የሚባሉ፣ ጫካው አፍ ላይ ካለችው ከሪራ መንደር የሆኑ ሽማግሌ ማር ሊሸጡ ጎባ ገበያ መጡ። ወለተኢየሱስ ደንበኛቸው ናት። "አካም ጅርቱ?" ተባብለው ሲያበቁ እንዲህ አሏት፦

"ቡና ለቃሚዎቹ አንድ ሰው አለ ይላሉ፣ ከጫካው ውስጥ፣ ከወንዙ ታች። የኛ ሰው አይደለም። ሊበላ ሲል እንደናንተ ግንባሩን፣ ደረቱን፣ ትከሻውን እንዲህ እንዲህ ያደርጋል።"

ወለተኢየሱስ ማሩን እዚያው ትታ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ባልና ሚስት ተማከሩ። ተማከሩ ማለት ወለተኢየሱስ "እሄዳለሁ" አለች፣ ተክለማርያም ደግሞ እንዴት እንደሚኬድ ሊያስብ ተቀመጠ። እስከ ገና ድረስ ተቀመጠ። የሳነቲን ደጋ ለማቋረጥ ሁለት ቀን፤ ሪራ ኦቦ ከሊፋ ቤት ማደር፤ ሦስተኛው ቀን ለጫካው። እንቅልፍ የነሳው ይኸው የጫካው ቀን ነው። አንበሳ አለ ይባላል፣ ስለዚህ እዚያ ማደር አይታሰብም። ጎህ ሲቀድ ይገባሉ፤ ቀትር አልፎ ጥላው አምስት ጫማ ሲሞላ፣ ተሰማ ተገኘም አልተገኘም፣ ይመለሳሉ። በሶው በስልቻ ተሞላ፣ ጦሩ ተሳለ። በመጨረሻ ተክለማርያም መስቀል አውጥቶ ሚስቱን አስማላት። እሷም "ጥላው አምስት ጫማ ሲሞላ ያለ ክርክር እመለሳለሁ፤ ካጣሁትም ተዝካሩን አወጣለሁ" ብላ ማለች።

ኦቦ ከሊፋ እግራቸውን ስለሚያማቸው የሸኟቸው እስከ ጫካው አፍ ብቻ ነው። "ወንዙን በቀኛችሁ ይዛችሁ ውረዱ፣ አትሻገሩ" አሏቸው። ተክለማርያም በተሰባበረ ኦሮምኛው የጥላውን ነገር አስረዳቸው፤ ቆሞም በጫማው እየሰፈረ አሳያቸው። ሽማግሌው ጫካውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ "አዱ? ፀሐይ?" አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ተክለማርያም በኦሮምኛዬ ነው የሚስቁት ብሎ ቅር አለው። ምን አሳቀዎት ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት!

ለመንዝ ሰው ጫካ ማለት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቆመ ጥድ ነው። ሃረና ሌላ ነው። ዛፉ ዛፍ ላይ ተደርቦ፣ ሐረጉ ተጠላልፎ፣ ገና በጠዋቱ የመሸ ይመስላል። ብዙ ከወረዱ በኋላ ተክለማርያም ሊሰፍር ቆመ። ቀጥ አለ፣ መሬቱን አየ። ጥላ የለም። ጥቂት ራመድ ብሎ እንደገና ቆመ። የለም። ወይም ሁሉም ጥላ ነው፤ የሱን ከዛፉ ማን ይለይለታል? ቅጠል መሐል ሾልካ የገባች የጣት ጥፍር የምታህል ብርሃን አገኘና እጁን ዘረጋባት። ከመዳፉ ላይ ሸሸችበት።

"ወለተኢየሱስ፣ ቀትር አልፏል፤ እንመለስ" አላት።

"በምን አወቁ?"

"ሆዴ ነገረኝ።"

"በግምት ጾም አላስፈታም የሚሉት እርስዎ አይደሉ? እኔ የማልኩት በጥላው ነው። ጥላው የታለ? ያሳዩኝና አሁኑኑ ልመለስ።"

ተክለማርያም "አምስት ሞልቷል" ቢላት ትመለስ ነበር። ግን ያልሰፈረውን ቁጥር መጥራት አልሆንልህ አለው። እሷ መንገዷን ቀጠለች፤ እሱም ጦሩን ጨብጦ፣ እየፈራ፣ ከኋላዋ ተከተለ። እዚያ ላይ በጣም ነበር የፈራው።

እንዲህ ሲሄዱ ጫካው ድንገት ተከፈተ። ሰው ዛፍ ቆርጦ ያቀናው ገላጣ ነው፤ ጎመን ተተክሎበታል፣ ዳር ላይ ጎጆ አለ፣ ፀሐዩ ወለል ብሏል። ተክለማርያም ጎመኑንም ጎጆውንም አላየ። ሮጦ መሐል ላይ ቆመና መስፈር ጀመረ። አምስት ላይ ጥላው አላለቀም። ስምንት ላይም አላለቀም። አሥራ አንድ! ከእንግዲህ ብርሃን ሳለ መውጣት የለም። "ጨረስሽን!" ሊላት ቀና ሲል፣ አንድ ጺማም ሰው ጎጆው በር ላይ ቆሞ አየ።

"ደብተራ፣ እዚህም ድረስ መጥተው ጥላ ይሰፍራሉ?" አለ ተሰማ።

ወለተኢየሱስ መጀመሪያ በጥፊ አለችው፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "ተዝካርህን ላወጣ ነበር እኮ! ተዝካርህን!" እያለች አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ጉንጩን እየዳበሰች ደግማ አለቀሰች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ተሰማ ወንዙን ሲሻገር የመንግሥት ጠመንጃው ውኃው ውስጥ ወደቀበትና ጠፋ። ባዶ እጄን ብመለስ አለቃዬ በብረት ያስረኛል ብሎ ጫካ ቀረ። "ላስገብራቸው የመጣሁት ሰዎች አበሉኝ፤ ማር መቁረጥም አስተማሩኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ። ተክለማርያም ትክ ብሎ አየውና "ያ አለቃህ እኮ ከተሻረ ዓመቱ ነው" አለው። ተሰማ ጎመኑ መሐል ቁጭ አለ። ያን ሌሊት ሁሉም ጎጆዋ ውስጥ ተደራርበው አደሩ፤ ተክለማርያም ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ሳይጠይቅ ተኛ።

ለአስተርእዮ ማርያም ተሰማ ጎባ ገባ። ለተዝካሩ የታሰበው በሬ ለደስታው ታረደ። ወለተኢየሱስ ግን እህል አልወርድላት አለ። ባሏን ወደ ጓዳ ጠራችው።

"መስቀል መትቼ ምዬ ነበር" አለችው ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "መሐላዬን አፍርሼ ይሆን? ያን ዕለት ገላጣው ላይ ሰፍረዋል። ስንት ጫማ ነበር?"

ተክለማርያም በበሩ በኩል ሥጋ የሚቆርጠውን ተሰማን አየ። እሷንም አየ።

"አምስት" አላት። "ልክ አምስት።"

ወለተኢየሱስ እፎይ ብላ ተነፈሰች፤ ወጥታም ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ በላች። ተክለማርያም በማግስቱ ማልዶ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደና መዋሸቱን ተናዘዘ። ምን ያህል ዋሸህ ቢሉት፣ "ስድስት ጫማ" አለ።