የጋሽ ረድዋን የእግር መንገድ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጋሽ ረድዋንን የማያውቅ ሰው ካለ፣ እሱ ትናንት ከመኪና የወረደ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ የማይጠፋ ሰውዬ። ሲራመዱ የቸኮሉ አይመስሉም፣ ግን ማንም አይደርስባቸውም። እኔ ናጅዋ ሳይክል አከራያለሁ፤ ዳገት ላይ እኔ በሳይክል እሳቸው በእግር ሆነን ጥለውኝ ይሄዱ ነበር፣ ወላሂ።

ድሮ ገበያ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ይጭኑ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ፈረንጆች ከአውቶቡስ ወርደው የድሮውን የድንጋይ መስጊድ ፍርስራሽ የሚያሳያቸው ሰው ሲፈልጉ፣ ጋሽ ረድዋን ጆንያውን መሬት ጣል አድርገው "እኔ አውቀዋለሁ" አሉ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ጆንያ አልተሸከሙም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከከተማ ወጥታችሁ ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ትሻገራላችሁ፣ በሽንኩርቱና በማሾው ማሳ መሀል ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ዳገቱ ወገብ ላይ ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ፣ ጥላው አንድ ሙሉ ሰርገኛ ያስቀምጣል። ከዛፉ አጠገብ የእትዬ ትርንጎ ቤት ነው። እንግዳ ሲመጣ የሮቃውን ፍሬ በውሃ በጥብጠው በጣሳ ይሰጡ ነበር። ይኮመጥጣል፣ ግን ድካሙን እንዳልነበረ ያደርገዋል። ከእሳቸው ቤት መስጊዱ ሩቅ አይደለም።

"ትርንጎ፣ አንቺ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፣ መሀላችን ሮቃ" ይሏቸዋል ጋሽ ረድዋን።

"ሂድ ወዲያ! የምትመጣው ለሮቃው ነው እንጂ መች ለኔ ሆነ!"

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። አጣዬ ተቃጠለች፣ ቆይቶ እኛም ከተማውን ለቀን ሸሸን። ጋሽ ረድዋን ባለቤታቸውን እትዬ ሙሀባንና ልጆቹን ይዘው በዚያው በሚያውቁት መንገድ ወጡ። እትዬ ትርንጎ ማሽላ የሚያስቀምጡበት ጓዳ ውስጥ ደበቋቸው። መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው "ውስጥ ማን አለ?" ሲሏቸው፣ በራቸው ላይ ቆመው "ማሽላና አይጥ" አሉ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ረድዋን "እህቴ" ነው የሚሏቸው።

ሰላም ሲሆንም ግን እንግዳ አልመጣም። ፈረንጁም ቀረ፣ ያገር ሰውም ቀረ። ጋሽ ረድዋን ግን በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ገጀራ ይዘው መንገዱን ይመነጥራሉ። ሰው ያሾፍባቸዋል።

"ረድዋን፣ ለዝንጀሮ ነው እንዴ የምትጠርገው?"

"ዝንጀሮም እንግዳ ነው" ይላሉ።

ለእኔ ግን እውነቱን ነግረውኛል። "ናጅዬ፣ መንገድ ሰው ካልረገጠው ይጠፋል። እኔ ከሞትኩ የሚመነጥረው የለም። ሰው እንደገና መምጣት ከጀመረ ግን እግሩ ራሱ ይጠርገዋል።" ሌላ ምንም አይፈልጉም ነበር። ያ መንገድ እንዲረገጥ ብቻ።

እና ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ስልኬ ጮኸ! ታምራት የሚባል ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእግርና የሳይክል ተጓዦች ቡድን ይመራል። ቴሌግራም ላይ የለቀቅኩትን ቪዲዮ አይቶ ነው። "ይሄ ጉዞ ጥሩ ከሆነ በየወሩ ሰው እናመጣለን" አለኝ። ሄጄ ስነግራቸው ጋሽ ረድዋን ፊሽካቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር።

ሲመጡ የመጀመሪያው ቀን የሳይክል ነበር፣ ምን ልበላችሁ! ሳይክሎቹን በአይሱዙ ጭኜ ጣርማ በር አደረስኩ። እዚያ ጉሙ ፊት ይመታል፣ ሁሉም ጃኬት ለብሷል። ቁልቁል ስንወርድ ደብረ ሲና ላይ ጃኬቱ ወለቀ፣ ከዚያ ሹራቡ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሸሚዝም በዛ። ፍሬናቸው እስኪግል እየሳቁ ወረዱ። ሐና የምትባል ልጅ "በአንድ ቀን ሁለት አገር አሳየሽኝ" ብላ አቀፈችኝ።

በማግስቱ በእግር ወጣን። ጋሽ ረድዋን ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ታምራት ቦርሳው ላይ ስፒከር አንጠልጥሎ ዘፈን ከፍቷል። ዳገቱን ስናጋምስ፣ ሮቃው ገና ብቅ ሲል፣ ጋሽ ረድዋን ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዛፉ ስር ሸራ ተወጥሯል። የሴቶች ዋይታ ይሰማል።

እትዬ ትርንጎ ያን ሌሊት ነው ያረፉት። ታመው ነበር፣ ኔትወርክ ስላልነበረ ማንም አልደወለልንም።

በእኛ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው ዝም ብሎ አይገባም፣ ማን እንደመጣ እንዲታወቅ ከሩቅ እያለቀሰ ነው የሚገባው። ጋሽ ረድዋን ኮፍያቸውን አውልቀው "እህቴ! እህቴ ትርንጎ! ማሽላና አይጥ ያልሽኝ እህቴ!" እያሉ ሮጡ። እኔ ስፒከሩን እንዲያጠፋ ታምራትን ጎተትኩት። ተከትለን ገብተን ተቀመጥን።

ተጓዦቹ መጀመሪያ ጨዋ ነበሩ። ሐና እንዲያውም ከሴቶቹ ጋር አለቀሰች። ሰዓቱ ግን ሄደ። ታምራት ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

"ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አላቸው።

"ምኑ?"

"ይሄ... ፕሮግራሙ።"

"ለቅሶ እኮ ነው ልጄ።"

ታምራት ወደ እኔ ዞረ። "መስጊዱ ቅርብ አይደል? አንቺ ውሰጂን።" ተነሳሁ። ጋሽ ረድዋን አዩኝ።

"ናጅዬ፣ ሬሳው ሳይወጣ ሰው አሰልፈሽ በደጇ ልታልፊ ነው?"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። "ጋሽ ረድዋን፣ እነዚህ ሰዎች ከሄዱ አይመለሱም" አልኳቸው በጆሯቸው።

"አይዞሽ፣ ይገባቸዋል" አሉኝ። "እናት የሌለው ማን አለ?" ከልባቸው ነበር ያሉት። ከተሜም ቢሆን ለቅሶ ጥሎ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብለው አስበውም አያውቁም።

ሬሳው ሲወጣ እስላሙም ክርስቲያኑም እየተቀባበለ ተሸከመ፣ ጋሽ ረድዋን እስከ ቤተክርስቲያኑ አጥር ድረስ ትከሻቸውን አልነሱም። ከቀብር መልስ ደግሞ ንፍሮ ቀረበ፣ ንፍሮ ሳይቀምሱ መነሳት የለም። ፀሐዩ ያን ሰዓት ድንጋይ ይቆላል። ከተጓዦቹ አንዱ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ባጃጅ እዚያ አይደርስም። የእትዬ ትርንጎ ልጅ አስፋው፣ እናቱን በቀበረበት ሰዓት፣ የወደቀውን ልጅ አዝሎ ቁልቁል ወረደ። መስጊዱን ማንም አላየውም።

ከተማ ስንደርስ ታምራት ፊቱ በርበሬ መስሏል። "ጋሼ፣ ቱር ነው ያሉን ወይስ ለቅሶ?"

ጋሽ ረድዋን ግን እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። "እናንተ ባትመጡ ኖሮ እህቴን ሳልቀብራት ነበር የምቀረው። አላህ ውለታችሁን ይክፈል። በሚቀጥለው ወር መስጊዱን ታያላችሁ፣ እሺ?"

ታምራት መሬት መሬት አየ። "እንደውላለን" አለ።

አልደወሉም። በቡድናቸው ገጽ ላይ "የለቅሶ ቱር" ብለው የሳቅ ፊት ደርድረው አየሁ። ለጋሽ ረድዋን አላሳየኋቸውም። ከጁምዓ ሲመለሱ በሱቄ በር ብቅ ይላሉ።

"ናጅዬ፣ ደወሉ?"

"ገና ነው።"

"ሙቀቱን ፈርተው ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይመጣሉ።"

ክረምቱ ወጣ። ሳሩ ደረት ደርሷል፣ እሾሁ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፏል። ጋሽ ረድዋን ገጀራቸውን ስለው ሄዱ። ሲመሽባቸው ወንዙ ዳር የሽንኩርት ጠባቂ ጎጆ ውስጥ ያድራሉ። የመስከረም ወንዝ ዳር ማለት ደግሞ ወባ ማለት ነው፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሲንቀጠቀጡ እትዬ ሙሀባ "ጤና ጣቢያ እንሂድ" ይላሉ፣ ጋሽ ረድዋን "ድካም ነው፣ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ልጨርሰው" ይላሉ። በመጨረሻ ሰው ተሸክሞ ነው የወሰዳቸው።

ልጠይቃቸው ስሄድ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። "ናጅዬ፣ እስከ ሮቃው አድርሼዋለሁ። ከሮቃው በላይ ቀርቷል። ሲደውሉ ንገሪያቸው።"

"ደውለዋል" ልላቸው አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። በማግስቱ ሞቱ። አላህ ይርሀማቸው።

ለቅሶው ላይ ሸራ ስር ተቀምጠን ሳለ ከወንዙ ማዶ ዋይታ ሰማን። ብድግ ብለን አየን። ወትሮ በሌላ በኩል የሚወርደው፣ ከመስጊዱ ወዲያ ያለው የላይኛው ሰፈር ሁሉ በዚህ በኩል ይወርዳል። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ነጠላ የለበሰው፣ ሽርጥ ያገለደመው፣ ጋሽ ረድዋን ለቅሶውን ያልደረሱበት ቤት የለማ! ከፊት አስፋው መጥረቢያ ይዟል። ከሮቃው በላይ ያለው እሾህ ስላልተመነጠረ እየቆረጡ ነው የመጡት። "ወንድሜ ረድዋን!" እያሉ ወንዙን ተሻገሩ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዱ ሲወርድ አንዱ ሲወጣ ሆነ።

አራተኛው ቀን ላይ ብቻዬን ሄድኩ። መንገዱ እስከ መስጊዱ ድረስ ተረግጦ ነጭ ሆኗል። ሳይክል ይነዳበታል፣ ወላሂ። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ልቀርጽ አልኩና መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ ሙሀባ ገጀራውን ለኔ ሰጡኝ፣ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። ይከብዳል። አሁን ሐምሌ ነው። ትናንት ዝናቡ ሲያባራ ወንዙ ዳር ድረስ ሄጄ ወደ ማዶ አየሁ። ሳሩ ጉልበት ደርሷል።